የስኳር ክኒንዎ ከማን ጋር ነው የሚያድረው?

«ስኳር አለብኝ» ያለ ሰው ወዲያው የሚጎርፍለት ምክር ስለ ምግብ ነው። «እንጀራ ቀንስ!»፣ «ማር እንዳትነካ!»፣ «ሙዝማ ጠላትህ ነው!»… ጎረቤቱ፣ የዕድር ጓደኛው፣ አብሮት ታክሲ የተሳፈረው ሰው ሳይቀር ሐኪም ይሆንበታል። ምክሩ በክፋት አይደለም፤ ብዙውም ልክ ነው። ግን እስቲ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? አንድም ሰው «ለመሆኑ ከስኳር ክኒንህ ሌላ ምን ምን ትውጣለህ?» ብሎ አይጠይቅም።

ይኸ ጥያቄ ደግሞ የዋዛ ጥያቄ አይደለም። ስኳር በሽታ ብቻውን ቤት የሚይዝ በሽታ አይደለምና ነው። ደም ግፊት ይከተለዋል። ጨጓራው ይነሳል። የሽንት ቧንቧ ይቆጣል። ቆዳና ብልት ላይ ፈንገስ ይወጣል። ለእያንዳንዱ ሕመም አንድ ክኒን አለ። ደም ግፊቱን አንዱ ሐኪም ያያል፣ ስኳሩን ሌላው ያያል፣ ለጨጓራው ሰፈር ያለው መድኃኒት ቤት ይበቃል ይባላል። ሐኪሞቹ አይተዋወቁም። ክኒኖቹ ግን ይገናኛሉ። ሁሉም የሚያድሩት አንድ ሆድ ውስጥ ነው!

ሲገናኙ ደግሞ ሁልጊዜ በሰላም አይደለም። አንዱ ሌላውን ያጠነክረዋል፣ ወይም ያደክመዋል። መሐል ላይ የሚጎዳው ባለቤቱ ነው።

ጉበት እንደ ወፍጮ ቤት

የዋጥነው ክኒን ሰውነታችን ውስጥ ለዘላለም አይቀመጥም። ሥራውን ሠርቶ ይወጣል። አብዛኛው ክኒን ታዲያ ከመውጣቱ በፊት ጉበት ውስጥ ገብቶ መለወጥ፣ መሰባበር አለበት። ጉበትን እንደ ሰፈር ወፍጮ ቤት ይቁጠሩት። ውስጡ ብዙ ወፍጮዎች አሉ። ሐኪሞች «ኢንዛይም» የሚሏቸው እነዚህን ነው። አንዱ ጤፍ፣ ሌላው በቆሎ፣ ሌላው በርበሬ እንደሚፈጨው ሁሉ፣ እያንዳንዱ ኢንዛይምም የሚፈጨው የመድኃኒት ዓይነት አለው።

አሁን ወደ ስኳር ክኒን እንምጣ። በአገራችን ብዙ ሰው ከሚያውቃቸው የሚዋጡ የስኳር መድኃኒቶች አንዱ ግሊቤንክላማይድ ነው። ብዙዎች ዳኦኒል በሚለው ስሙ ይጠሩታል። ወንድሞቹ ግሊሜፒራይድ፣ ግሊክላዛይድና ግሊፒዛይድ ናቸው። እነዚህ ሁሉ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ሲሆኑ የቤተሰቡ ስም ሰልፎኒልዩሪያ ይባላል። ሥራቸው ቆሽትን ጠምዝዞ ኢንሱሊን ማስወጣት ነው። ሰውየው በላም አልበላም ቆሽቱን መጭመቃቸውን አይተዉም። ይኸን ልብ ይበሉ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

እነዚህን ክኒኖች በዋናነት የሚፈጫቸው አንድ ኢንዛይም አለ። ስሙ ሲዋይፒ 2ሲ9 ይባላል። ስሙን መሸምደድ አያስፈልግም፤ «የስኳር ክኒን ወፍጮ» ብለው ይያዙት። ችግሩ ይኸ ወፍጮ የስኳር ክኒን ብቻ የሚጠቀምበት አለመሆኑ ነው። ሌሎች መድኃኒቶችም ይመጡበታል። አንዳንዱ መድኃኒት ጉልበተኛ ነው፤ መጥቶ ወፍጮውን ይይዘዋል። የእርስዎ የስኳር ክኒን ወረፋ ይዞ ደጅ ይቆማል። ሳይፈጭ፣ ሳይወጣ በደም ውስጥ ይከማቻል። ዛሬ የዋጡት ሳያልቅ ነገ ሌላ ይጨምሩበታል። ሐኪም ያዘዘልዎት አንድ ፍሬ ነው፤ ሰውነትዎ ላይ የሚሠራው ግን የሁለት ፍሬ ያህል ይሆናል። ስኳርዎ ይወርዳል… ይወርዳል… ከሚገባው በታች ይወርዳል።

ሌላ ዓይነት መድኃኒት ደግሞ አለ። እሱ ወፍጮውን አይዝም፤ እንዲያውም ወፍጮ ያስጨምራል! ጉበት ውስጥ ኢንዛይሙ እንዲበዛ ያደርጋል። ያን ጊዜ የስኳር ክኒንዎ ገና ሥራውን ሳይጀምር ዱቄት ሆኖ ይወጣል። ክኒኑን በሰዓቱ እየዋጡ፣ ምግብዎን እየጠበቁ፣ ስኳርዎ ግን ወደ ሰማይ ይወጣል። ሐኪሙም «መድኃኒትዎን አልዋጡም እንዴ?» ብሎ ይጠረጥርዎታል።

ፈንገሱ ዳነ፣ እናት ወደቁ

አንዲት እናት ናቸው። ዕድሜያቸው 60 አልፏል። ለዓመታት ግሊቤንክላማይድ ሲውጡ ምንም ሆነው አያውቁም። ስኳር ያለባት ሴት ብዙ ጊዜ እንደሚገጥማት ከታች ማሳከክ ጀመራቸው። አፍረው ለልጆቻቸውም አልተናገሩም። መድኃኒት ቤት ሄደው በሹክሹክታ ነገሩና ለፈንገስ የሚሆን ፍሉኮናዞል ተሰጣቸው። ሻጩም «ሌላ መድኃኒት ይወስዳሉ ወይ?» አላላቸውም፤ እሳቸውም አልነገሩትም። በሁለተኛው ቀን ማለዳ ላብ አጠመቃቸው። ንግግራቸው ተወለካከፈ። የልጅ ልጃቸውን ስም ረሱ። ቤተሰቡ «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ ፍለጋ ወጣ። ሆስፒታል ሲደርሱ ስኳራቸው ከ40 በታች ነበር።

እንግዲህ ፍሉኮናዞል ያንን ወፍጮ ከሚይዙት ጉልበተኞች ዋነኛው ነው። ጤነኛ ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት ግሊሜፒራይድ ከፍሉኮናዞል ጋር ሲወሰድ በደም ውስጥ የሚገኘው መጠን ከ2 እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ደግሞም ቶሎ አይወጣም። ከዋጡት ፍሉኮናዞል ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት 30 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። አንድ ፍሬ ዋጥኩ፣ አለቀ ማለት አይቻልም። ለቀናት እዚያው ነው።

ነገሩን የሚያሳዝነው ምን መሰላችሁ? ስኳር ከፍ ማለቱ ራሱ ፈንገስ ያመጣል። ፈንገሱ ፍሉኮናዞል ያስውጣል። ፍሉኮናዞሉ ደግሞ የስኳሩን ክኒን ያጠነክራል። ሁለቱ መድኃኒቶች አንድ ቤት ውስጥ የሚገናኙት በአጋጣሚ አይደለም ማለት ነው። በሽታው ራሱ ያገናኛቸዋል።

ፍሉኮናዞል ብቻ አይደለም። ባክትሪም እያልን የምንጠራው ኮትሪሞክሳዞል፣ ክሎራምፌኒኮል፣ ክላሪትሮማይሲን የሚባለውም አንቲባዮቲክ ከግሊቤንክላማይድና ከወንድሞቹ ጋር ሲገናኙ ስኳርን ከልክ በታች ሊያወርዱ ይችላሉ። ለአፍ ፈንገስ የሚቀባው ሚኮናዞል የሚባለው ቅባት እንኳ «ቅባት ነው» ተብሎ አይናቅም፤ እየተዋጠ ይገባል። ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ማለትም «ሲፕሮ»፣ በሌላ መንገድ ስኳርን ያናውጣል፤ አንዳንዴ ያወርዳል፣ አንዳንዴ ያወጣል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ይኸ ዓይነቱ አንቲባዮቲክ በተለይ አረጋውያንና የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ላይ ራስን እስከመሳት የሚያደርስ የስኳር መውረድ ሊያመጣ እንደሚችል ማስጠንቀቂያው እንዲጠብቅ አድርጓል። እኛ ግን ሲፕሮን ለሽንት ቧንቧውም፣ ለተቅማጡም፣ ለ«ታይፎይዱ»ም እንደ ከረሜላ እንውጠዋለን!

ሁለት ክኒን ሲገናኝ ምን ያህል ሊለያይ እንደሚችል ለማወቅ አንድ ምሳሌ ልጨምር። ሬፓግሊናይድ የሚባል የስኳር ክኒን አለ። ውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን ሊያውቁት ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ የፊንላንድ ተመራማሪዎች ጥናት ይኸን ክኒን ጌምፋይብሮዚል ከተባለ የደም ስብ መድኃኒት ጋር ለጤነኛ ፈቃደኞች ሰጥቶ ሲለካ፣ በደም ውስጥ ያለው መጠን ወደ 8 እጥፍ አደገ። ኢትራኮናዞል የተባለ የፈንገስ መድኃኒት ሲጨመርበት ደግሞ ወደ 19 እጥፍ! ያው አንድ ክኒን እኮ ነው። የተለወጠው ጎረቤቱ ነው። ዛሬ ሬፓግሊናይድና ጌምፋይብሮዚል አብረው እንዳይሰጡ ተከልክሏል።

ታይፎይድ ያስተማረው ትምህርት

ባክትሪም ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ ለገረማችሁ አንድ የቆየ ታሪክ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1942፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እየተካሄደ ሳለ፣ በፈረንሳይ ሞንፔልዬ ከተማ ማርሴል ዣንቦን የተባሉ ሐኪም የታይፎይድ ሕመምተኞችን በአንድ አዲስ የሰልፋ መድኃኒት ያክሙ ነበር። ከሕመምተኞቹ አንዳንዶቹ ተንቀጠቀጡ፣ ራሳቸውን ሳቱ፤ የሞቱም ነበሩ። ምክንያቱ ሲፈለግ የደማቸው ስኳር ክፉኛ ወርዶ ተገኘ። ኦጉስት ሉባቲዬር የተባሉት ሌላው የዚያው ከተማ ሊቅ ነገሩን አጥንተው መድኃኒቱ ቆሽትን ኢንሱሊን እንደሚያስወጣ አሳዩ።

እንግዲህ ዛሬ የምንውጣቸው የሰልፎኒልዩሪያ ክኒኖች መነሻቸው ይኸ ነው። የስኳር ክኒን የተገኘው ከአንቲባዮቲክ ጉዳት ነው! ባክትሪም ውስጥ ያለው ሰልፋና ግሊቤንክላማይድ በሩቅ ይዛመዳሉ። ስለዚህ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ አንዱ ወፍጮውን መያዙ ሳያንስ አልፎ አልፎ ቆሽቱንም አብሮ ይጨምቃል። በተለይ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ላይ ይኸ ይብሳል።

ክኒን እየዋጠ ስኳሩ የወጣበት ሰው

አሁን ወደ ተቃራኒው። ስኳር ያለበት ሰው ከሌላው ሰው ይልቅ በሳንባ ነቀርሳ የመያዝ ዕድሉ ከ2 እስከ 3 እጥፍ ነው። ለሳንባ ነቀርሳ ከሚሰጡት መድኃኒቶች ዋነኛው ሪፋምፒሲን ይባላል። ሽንትን ቀይ ብርቱካን የሚያስመስለው እሱ ነው። ሪፋምፒሲን ወፍጮ ከሚያስጨምሩት ሁሉ ኃይለኛው ነው። ግሊቤንክላማይድ ከሪፋምፒሲን ጋር ሲወሰድ በደም ውስጥ የሚገኘው መጠን 40 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። ማለትም አሥር ፍሬ የዋጠ ሰው ስድስት ፍሬ እንደዋጠ ነው።

አንድ በጎልማሳ ዕድሜ ያለ አናጢ ይኸ ደርሶበታል። የቲቢ መድኃኒት ከጀመረ በኋላ ስኳሩ አልይዝ አለ። ሚስቱ «ተደብቀህ ጣፋጭ ትበላለህ» ብላ ትከሰው ጀመር። ቤቱ በኩርፊያ ተሞላ። ሰውየው ግን አንዳች አልበላም ነበር! ሐኪሙ በመጨረሻ ነገሩ ገባውና የስኳር ክኒኑን መጠን ጨመረለት። ስኳሩ ተስተካከለ፣ ቤቱም ሰላም ሆነ።

ግን አደጋው እዚህ ላይ አላለቀም። ልብ በሉልኝ! የቲቢ ሕክምና 6 ወር ሆኖ ያበቃል። ሰው ሁሉ «እንኳን ደስ አለህ» ይላል። ሪፋምፒሲን ሲቆም ተጨማሪዎቹ ወፍጮዎች አንድ በአንድ ይዘጋሉ፤ በሁለት ሳምንት ገደማ ጉበት ወደ ቀድሞው ይመለሳል። የስኳር ክኒኑ መጠን ግን ከፍ እንዳለ ነው! አሁን ያ የተጨመረው ክኒን ሙሉ በሙሉ ይሠራል። ስኳር ይወድቃል። ብዙ ሰው የሚጠነቀቀው አዲስ መድኃኒት ሲጀምር ነው። መድኃኒት ማቆምም እንደ መጀመር ያለ ለውጥ ነው። የቲቢ ክኒን ልትጨርሱ የተቃረባችሁ የስኳር ሕመምተኞች፣ ከመጨረሻው ቀን በፊት የስኳር ሐኪማችሁን አናግሩ። ካቆማችሁ በኋላም ባሉት ሳምንታት ስኳራችሁን ደጋግማችሁ ተለኩ።

ሜትፎርሚን በሌላ በር ይወጣል

«እኔ የምውጠው ሜትፎርሚን ነው፤ ይኸ ሁሉ አይመለከተኝም» የሚሉ ይኖራሉ። እውነት ነው፣ ሜትፎርሚን ጉበት ውስጥ አይፈጭም። እንደገባ ሆኖ በኩላሊት በኩል ይወጣል። ብቻውን ሲወሰድም ስኳርን ከልክ በታች የሚያወርደው ከስንት አንዴ ነው። ግን ኩላሊትም የራሱ በር አለው፤ በሩ ላይም ግፊያ አለ።

ሲሜቲዲን የሚባለውን የጨጓራ መድኃኒት ታስታውሳላችሁ? ሜትፎርሚን የሚወጣበትን በር ይዘጋበታል። በደም ውስጥ ያለውን የሜትፎርሚን መጠን ከ40 እስከ 50 በመቶ ያህል ከፍ ያደርጋል። ኩላሊቱ ጤናማ ለሆነ ሰው ምንም ላይመስል ይችላል። ኩላሊቱ ለደከመ ግን ሜትፎርሚን ተከማችቶ ደምን በላክቲክ አሲድ ሊመርዝ ይችላል። ማስመለስ፣ ከባድ ድካም፣ የሆድ ሕመም፣ ፈጣን ትንፋሽ ከታየ ነገ ዛሬ ሳይሉ ሆስፒታል መሄድ ነው። በደም ሥር ቀለም ተወግቶ የሚነሳ የሲቲ ስካን ምርመራ ሲታዘዝልዎትም «ሜትፎርሚን እወስዳለሁ» ብለው አስቀድመው ይንገሩ።

ሌላው ብዙ ሰው በሆዱ የሚይዘው ነገር ነው። የኤች አይ ቪ መድኃኒት። ዛሬ በአገራችን በስፋት የሚሰጠው የኤች አይ ቪ ክኒን ውስጥ ዶሉቴግራቪር የሚባል መድኃኒት አለ። ይኸ መድኃኒት በደም ውስጥ ያለውን ሜትፎርሚን ወደ 80 በመቶ ገደማ ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ ሁለቱን አንድ ላይ የሚወስድ ሰው የሜትፎርሚን መጠኑ በቀን ከ1000 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመከራል።

እዚህ ላይ የሚያሳስበው ሳይንሱ አይደለም፤ ምሥጢሩ ነው። አንዳንዱ ሰው የኤች አይ ቪ ክኒኑን ከሚኖርበት ሰፈር ርቆ ይወስዳል፤ ስኳሩን ደግሞ ሰፈሩ ባለው ጤና ጣቢያ ይታከማል። የሰፈሩ ሐኪም ስለ ኤች አይ ቪው አያውቅም። ወሬ ይፈራል፣ ጎረቤት ይፈራል። ይኸን ፍርሃት ማንም አይፈርድበትም። ግን ወንድሜ፣ እህቴ፣ የሐኪም ቤት ምሥጢር ሐኪም ቤት ይቀራል። ሐኪሙ ያላወቀውን ሊያስተካክልልህ አይችልም። ስሙን ለመናገር አፍህ ካልታዘዘልህ የክኒኑን ብልቃጥ አውጥተህ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥ። ምንም ሳትናገር ይገባዋል።

ጉበት ሳይነኩ ስኳር የሚያናውጡ

ከጉበትና ከኩላሊት ጋር ሳይጣሉ በቀጥታ ስኳሩን የሚነኩም አሉ። ለአስምና ለአለርጂ የሚሰጡት ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን ስኳርን በደንብ ያወጣሉ። ሰውነት ለመሙላት፣ ለመወፈር ብለው ያለ ሐኪም የሚውጧቸውም አይጠፉም። ስኳር ላለበት ሰው ይኸ በእሳት ላይ ቤንዚን ነው። ለደም ግፊት የሚሰጠው የሚያሸናው ክኒን፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ስኳርን ትንሽ ሊያወጣ ይችላል። ለወባ የሚሰጠው ኪኒን ደግሞ ያወርዳል።

አንዱ ግን የተለየ ተንኮል አለው። ፕሮፕራኖሎል ይባላል፤ ለደም ግፊት፣ ለልብ ምት፣ ለራስ ምታትም ይታዘዛል። ስኳር ሲወርድ ሰውነት የሚሰጠን የማንቂያ ደወል አለ፤ ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል። ፕሮፕራኖሎል ይኸን ደወል ያፍነዋል። ስኳሩ እየወረደ ሰውየው አያውቅም። የማይታፈነው ላብ ነው። ስለዚህ ይኸን መድኃኒት የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ያለ ምክንያት ካላበው «ሙቀት ነው» ብሎ ማለፍ የለበትም።

ደስ የሚል ነገርም ልንገራችሁ። ፓራሲታሞል በልኩ ከተወሰደ ከስኳር ክኒን ጋር አይጣላም። ለልብ ተብላ በየቀኑ የምትወሰደው ትንሿ አስፕሪንም አታስፈራም፤ ስኳር የሚያወርደው በብዛት የተወሰደ አስፕሪን ነው።

ከጓዳ የሚመጣው

«ክኒን ትቼ በባህል ልታከም» የሚለውን ሁላችንም ሰምተናል። አንዳንዱ ደግሞ ክኒኑንም አይተው፣ ባህሉንም አይተው፤ ሁለቱን ደርቦ ይይዛል። አብሽ ስኳርን የማውረድ ጠባይ እንዳለው በሳይንስም ታይቷል። ኮንሶዎች በጎመንነት የሚያውቁት ሽፈራውም በዚሁ ይነገርለታል። ታዲያ የሚያወርድ ነገር ከሚያወርድ ክኒን ጋር ሲደረብ ምን ይሆናል? ያው፣ ይደመራል። በምግብ ውስጥ ጣል የሚደረግ አብሽ ማንንም አይጎዳም። ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆድ በብርጭቆ የሚጠጣው ግን እንደ መድኃኒት መቆጠር አለበት። ለሐኪሙም መነገር አለበት።

መጠጥስ? ጠላውም ሆነ ጠጁ፣ ቢራውም ሆነ አረቄው ጉበት ጋ ሲደርስ ጉበት ሌላውን ሥራ ትቶ እሱን ማቃጠል ይጀምራል። ከተዋቸው ሥራዎች አንዱ ደግሞ ስኳር ሠርቶ ወደ ደም መላክ ነው። ሰውየው የስኳር ክኒን ውጦ፣ ሳይበላ፣ ሁለት ሦስት አረቄ ከደገመ ሌሊቱን ስኳሩ ሊወድቅ ይችላል። የሚያሳዝነው፣ አረቄ አረቄ ስለሚሸት የሚያነሳው የለም። «ሰክሮ ነው፣ ይተኛ» ይባላል።

ጾምም አለ። ሰልፎኒልዩሪያ በላን አልበላን ቆሽት መጭመቁን አይተውም ብለን ነበር። ሰውየው ማለዳ ክኒኑን ውጦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከጾመ፣ በዚያ ላይ ወፍጮውን የሚይዝ አንቲባዮቲክ ካለበት ሦስት ነገር ተደራረበበት። ሁዳዴም ሆነ ረመዳን ከመግባቱ በፊት የክኒኑን ዓይነትና ሰዓት ከሐኪም ጋር መማከር የእምነት ማነስ አይደለም። የሃይማኖት አባቶችም ለታመመ ሰው መፍትሔ አላቸው፤ ጠይቋቸው።

«ልክፍት» ነው ወይስ ስኳር?

የደም ስኳር በመለኪያው ከ70 በታች ከሆነ ወርዷል። ከ54 በታች ከሆነ ከባድ ነው። መለኪያ ከሌለ ምልክቱን ማወቅ ግድ ነው። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ መምታት፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ የዓይን ብዥታ፣ ብስጭት፣ የቃል መወላከፍ፣ ግራ መጋባት፣ ብሎም መንፈራገጥና ራስን መሳት።

እነዚህ ምልክቶች መንገድ ላይ ሲታዩ ሰውየው ሰካራም ይመስላል። ቤት ውስጥ ሲታዩ ልክፍት፣ ቡዳ ወይም ምች ይባላል። ጸበሉም ጸሎቱም የማይነቀፍ ነው። ግን አንጎል ያለ ስኳር ብዙ አይቆይም። ስኳር ክኒን የሚውጥ ሰው እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የሚደረገው ይኸ ነው።

አንደኛ፣ መዋጥ የሚችል ከሆነ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ መስጠት፣ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ። «ዳይት» የሚባለው ስኳር ስለሌለው አይረዳም።

ሁለተኛ፣ 15 ደቂቃ መጠበቅ። ካልተሻለው መድገም። ሲሻለው ደህና ምግብ መስጠት።

ሦስተኛ፣ ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አለመስጠት! ወደ ሳንባው ገብቶ ያፍነዋል። በጎኑ አስተኝቶ ወደ ሆስፒታል መሮጥ። እዚያ በደም ሥር ግሉኮስ ይሰጠዋል።

አራተኛ፣ ነቃ ብሎ ወደ ቤት አለመመለስ። የግሊቤንክላማይድ ጉልበት አንድ ቀን ሙሉ ሊቆይ ይችላል፤ ወፍጮው በሌላ መድኃኒት ከተያዘ ደግሞ ከዚያም ያልፋል። ሰዎች ነቅተው፣ «ዳንኩ» ብለው ቤት ገብተው ሌሊት ተመልሶ የወደቀባቸው አሉ።

ለአረጋውያን በተለይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የዓለም የጤና ድርጅት በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ላይ ግሊቤንክላማይድ ዕድሜያቸው ከ60 በላይ ለሆኑ ሰዎች እንደማይመች አስፍሯል። ወላጆቻችሁ ይኸን የሚውጡ ከሆነ አትደንግጡ፤ በራሳችሁም አታስቁሙ። «ለሳቸው ዕድሜ ሌላ የሚሻል አለ ወይ?» ብላችሁ ሐኪሙን ጠይቁ።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ሐኪም ቤት መመላለስ ገንዘብ ነው፣ ጊዜም ነው፤ ይኸን እናውቃለን። ግን ብዙው ነገር ያለ ገንዘብ የሚሠራ ነው።

አንድ ወረቀት ላይ የሚውጡትን ሁሉ ይጻፉ። የክኒኑን ስም፣ መጠኑን፣ ሰዓቱን። የባህሉንም ጭምር። ወረቀቱን ከመታወቂያዎ ጋር ይያዙት። መጻፍ ካልቻሉ ባዶ ካርቶኖቹን ይዘው ይሂዱ።

መድኃኒት ቤት በገቡ ቁጥር፣ የመጡት ለሳልም ቢሆን፣ የመጀመሪያው ቃልዎ «የስኳር ክኒን እወስዳለሁ» ይሁን። ፋርማሲስቱ የተማረው ይኸንኑ ነው፤ ማማከሩ አያስከፍልም።

የጎረቤትን ክኒን አይዋሱ። ለእሷ የበጀ ለእርስዎ ላይበጅ ይችላል። እንዲያውም ከተፈጥሮ ወፍጮው ቀርፋፋ የሆነ ሰው አለ፤ ማን እንደሆነ በመልክ አይታወቅም።

አዲስ መድኃኒት ሲጀምሩ፣ መጠኑ ሲለወጥ፣ ሲያቆሙም ስኳርዎን ከወትሮው ይበልጥ ይለኩ። መለኪያ ቤት ከሌለ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

ከሁሉ በላይ ግን ይኸን ጽሑፍ አንብበው ደንግጠው የታዘዘልዎትን መድኃኒት በራስዎ እንዳያቆሙ! የቲቢውንም፣ የደም ግፊቱንም፣ የኤች አይ ቪውንም። ሁለት መድኃኒት አይስማማም ማለት አንዱ ይጣል ማለት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ መጠን በመቀነስ፣ ሰዓት በማስተካከል፣ ወይም ወንድሙን በመተካት ይታረቃሉ። ማስታረቁ ግን የባለሙያ ሥራ ነው፤ ሽማግሌ ሆነው የሚገቡት ሐኪሙና ፋርማሲስቱ ናቸው።

የቤተሰብ አባላትም ሥራ አላችሁ። ዛሬ ማታ እራት ላይ እናትዎን ወይም አባትዎን አንድ ነገር ይጠይቁልኝ። «ምን በሉ?» አይደለም፤ እሱን ሁሉም ይጠይቃል። «በዚህ ሳምንት ምን አዲስ ክኒን ዋጡ?» ይበሏቸው። ሊያፍሩ ይችላሉ፤ በተለይ እናቶች። ቀስ ብለው፣ ለብቻቸው አድርገው ይጠይቁ። መልሱን ከሰሙ በኋላ ስኳሩ ጓዳ የት እንደተቀመጠ ለቤቱ ልጆች ሁሉ ያሳዩ።